በመርዝ ዕቃ ላይ የተለጠፈው ምልክት ለገበሬው ምን ይናገራል?

በክረምቱ መግቢያ ላይ ወደ አንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር መጋዘን ገብቼ ነበር። ማዳበሪያው በአንድ ወገን እስከ ጣራው ተከምሯል፤ ምርጥ ዘሩ በሌላው ወገን በእንጨት ርብራብ ላይ ተደርድሯል። የመጋዘኑ አያያዝ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን በመስኮቱ ደፍ ላይ አንድ የሃይላንድ ጠርሙስ እስከ ግማሹ ቡናማ ፈሳሽ ይዞ ተቀምጧል። በጠርሙሱ ወገብ ላይ ያለው ወረቀት አልተነሣም፤ ስለ ንጹሕ የመጠጥ ውሃ ይናገራል።

«አባባ፣ ይህ ምንድን ነው?» ስል የመጋዘኑን ኃላፊ ጠየቅኋቸው።

«መድኃኒት ነው ልጄ።»

«የምን መድኃኒት?»

«የአረም ይሁን የትል እንጃ። የሚያውቀው ያስቀመጠው ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ ዛሬ ገበያ ወርዷል።»

ይህን ጽሑፍ ለማኅበር መሪዎች እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝ ይኸው መልስ ነው። ሽማግሌው ቸልተኛ ሰው አይደሉም፤ የመጋዘኑን ቁልፍ ባንገታቸው አንጠልጥለው የሚዞሩ፣ የማዳበሪያውን ቁጥር በቃላቸው የሚናገሩ ናቸው። ጠርሙሱ ግን የሚናገረው ነገር ስለሌለው እርሳቸውም የሚናገሩት ነገር አልነበራቸውም።

በቅድሚያ ስለ ስሙ አንድ ነገር ማለት ይገባል። በቋንቋችን ለትሉም፣ ለአረሙም፣ ለነቀዙም የሚረጨውን ሁሉ «መድኃኒት» እንለዋለን። ታማሚውን የሚያድነውም መድኃኒት ነው፤ ክንፋሙን የሚገድለውም መድኃኒት ነው። በዚህ ስም የተጠራ ነገር ቤት ውስጥ ከአልጋ ሥር ቢቀመጥ፣ ከእህል ጋር በአንድ ጆንያ ቢጓዝ የሚደንቀው ሰው ጥቂት ነው። እኔ ራሴ በገበሬዎች ስብሰባ ላይ ስናገር «መርዝ» የሚለውን ቃል በአፌ ላይ ለማስለመድ ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል። ኮሌጅ ሳለሁ ስለ ሰብል ተባይ ለወራት ስማር፣ በዕቃው ላይ ስለሚለጠፈው ምልክት የተማርኩት በአንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ እንደነበረም መደበቅ አልፈልግም።

ምልክት አለመነበቡ ምን ያህል ሕይወት እንደሚያስከፍል ለማወቅ እ.ኤ.አ. በ1971 እና በ1972 በኢራቅ የደረሰውን ማስታወስ ይበቃል። በዚያች አገር በድርቅ ምክንያት ምርት በመቀነሱ መንግሥት ለገበሬው የሚታደል ብዙ ሺህ ቶን የስንዴና የገብስ ዘር ከውጭ አገር አስመጣ። ዘሩ በመሬት ውስጥ በሻጋታ እንዳይበላሽ ሜቲል ሜርኩሪ በሚባል የሜርኩሪ ውሁድ ታሽቶ ነበር። መርዝ መሆኑ እንዲታወቅም ቀይ ቀለም ተነክሯል። በጆንያዎቹ ላይ ማስጠንቀቂያ ተጽፏል፤ የራስ ቅልና የሁለት አጥንት ሥዕልም ታትሟል። እንግዲህ በወረቀት ላይ ሲታይ የጎደለ ነገር ያለ አይመስልም።

ይሁን እንጂ ጽሑፉ በስፓኝኛና በእንግሊዝኛ ነበር። የኢራቅ ገበሬ የሚናገረው ዓረብኛ ወይም ኩርድኛ ነው። የራስ ቅሉ ሥዕል ደግሞ በዚያ አካባቢ ላለው የገጠር ሰው «ይህን አትብላ» የሚል ትርጉም አልነበረውም። በዚያ ላይ ዘሩ የደረሰው ዘግይቶ ነው፤ ብዙዎቹ ገበሬዎች የራሳቸውን ዘር ቀደም ብለው ዘርተው ነበር። በእጃቸው የገባው ስንዴ እንዲሁ የሚቀመጥ ሆነ፤ ቤት ውስጥ ደግሞ እህል አጥሯል።

ገበሬዎቹ ሞኞች አልነበሩም። ቀይ ቀለሙ አጠራጥሯቸው ዘሩን በውሃ አጠቡት፤ ቀለሙም ለቀቀ። መርዙ ከቀለሙ ጋር የሄደ መሰላቸው፤ መርዙ ግን ከፍሬው ጋር ቀርቷል። ሌሎቹ ለዶሮና ለከብት ሰጥተው ቀናት ጠበቁ፤ እንስሳቱ ምንም አልሆኑም። ከዚህ በኋላ ነው ፈጭተው እንጀራቸውን የጋገሩት። የሜቲል ሜርኩሪ ክፋቱ እዚህ ላይ ነው፤ ጉዳቱ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው። መጀመሪያ ጣትና የአፍ ዙሪያ ይደነዝዛል፤ ቀጥሎ አካሄድ ይበላሻል፤ ዐይን ይጠባል፤ ጆሮ ይደፈናል። እርጉዝ የሆኑ እናቶች በልተው የወለዷቸው ሕፃናት አእምሯቸው ተጎድቶ ተወለዱ። በሆስፒታል ተኝተው የታከሙት 6,530 ሰዎች ሲሆኑ፣ ከነዚህ ውስጥ 459 ሞተዋል። ይህ በሆስፒታል የተመዘገበው ብቻ ነው። በዚያችው አገር በ1956 እና በ1960 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. በሜርኩሪ በታሸ ዘር ተመሳሳይ መመረዝ ደርሶ ነበር።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው ማስጠንቀቂያ መጻፉ ብቻ እንደማይበቃ ነው። አንባቢው በሚያውቀው ቋንቋ መጻፍ አለበት፤ ሥዕሉም አስቀድሞ መማር አለበት። የታሸ ዘር ዛሬም በአገራችን ይታደላል። የሚታሽበት መርዝ በኢራቅ የነበረው ዓይነት ባይሆንም ለምግብነት አይውልም፤ ለዶሮም ለጠላ ጥንስስም አይሆንም። ቀለሙ በውሃ ቢለቅ እንኳ «ጸዳ» ማለት አይደለም። ከዘር ወቅት ተርፎ በማኅበሩ መጋዘን የሚያድር የታሸ ዘር ካለ ዕዳው የመሪዎቹ ነው። የእህል እጥረት ባለበት ወር የተረፈ ዘር መጋዘን ውስጥ መኖሩን የማያውቅ ጎረቤት የለምና።

ምልክቶቹን ለማስተካከል የተደረገው ጥረት ረጅም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1975 ፀረ ተባዮችን እንደ መርዛማነታቸው ደረጃ መደበ። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት በ1985 የፀረ ተባይ ሽያጭና አጠቃቀም ዓለም አቀፍ የሥነ ምግባር ደንብ አወጣ፤ በምልክት አለጣጠፍም ላይ መመሪያ አዘጋጀ። ከግብርና ውጭ ያለው ኬሚካል ግን በየአገሩ የተለያየ ምልክት ይዞ ይዞር ነበር። አንዱ አገር መርዝ ብሎ የመደበውን ሌላው አገር መርዝ አይለውም፤ ዕቃው ድንበር ሲሻገር ትርጉሙ ይለወጣል። ይህ እንዲቀር በ1992 በሪዮ ዴ ጃኔሮ የተሰበሰበው የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢና የልማት ጉባኤ አንድ ወጥ ሥርዓት እንዲዘጋጅ ወሰነ። ሥራው አሥር ዓመት ፈጀ። በ2003 ለመጀመሪያ ጊዜ ታትሞ የወጣው ይህ ሥርዓት እስከ ዛሬ በየሁለት ዓመቱ እየታረመ ይወጣል። በአገራችንም ለፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ወጥቷል፤ ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ መሸጥም ክልክል ነው።

አሁን ዕቃውን በእጃችን ይዘን እንመልከተው። በመጀመሪያ ዐይን የሚያርፈው ከታች በኩል ዙሪያውን በሚዞረው የቀለም ቀበቶ ላይ ነው። ቀይ ከሆነ እጅግ መርዛማ ነው፤ በዚህ ምድብ ውስጥ ካሉት ከሁሉ የከፉት ከግማሽ ግራም በታች በሆነ መጠን አንድ ጎልማሳ ሰው ሊገድሉ የሚችሉ ናቸው። ቢጫው ከዚያ ዝቅ ይላል፤ ሰማያዊው ደግሞ ከቢጫው ያንሳል። አረንጓዴው በአንድ ጊዜ አወሳሰድ አጣዳፊ ጉዳት የማድረስ ዕድሉ አነስተኛ ነው ማለት ነው። በቀበቶው ውስጥ ትናንሽ ሥዕሎች አሉ። በግራ በኩል ያሉት መርዙ ሲለካና ሲበጠበጥ ምን መልበስ እንደሚገባ፣ በቀኝ በኩል ያሉት ደግሞ ሲረጭ ምን መልበስ እንደሚገባ ያመለክታሉ። የጓንት ሥዕል ካለ ጓንት፣ የቦቲ ሥዕል ካለ ቦቲ ነው። የተቆለፈ ሣጥን ሥዕል ልጆች በማይደርሱበት ቆልፈህ አስቀምጥ ይላል።

ብዙ ገበሬዎች ለርጭቱ ሲጠነቀቁ ለመለካቱ ሲዘናጉ አያለሁ። አደጋው የሚብሰው ግን በመለካቱ ላይ ነው፤ በዚያች ሰዓት በእጅ ያለው መርዝ ውሃ ያልገባው ነውና። በግራ በኩል ያሉት ሥዕሎች ከቀኞቹ የሚበዙበት ዕቃ ቢገጥማችሁ ምክንያቱ ይህ ነው።

ከቀበቶው በላይ ደግሞ በአዲሱ ዓለም አቀፍ ሥርዓት የተደነገጉት ሥዕሎች ይገኛሉ። ሁሉም በጫፉ የቆመ ባለ አራት ማዕዘን ናቸው፤ ጠርዛቸው ቀይ፣ መደባቸው ነጭ፣ ሥዕሉ ጥቁር ነው። በጠቅላላው ዘጠኝ ናቸው። ከነዚህ ውስጥ የሚፈነዳው ቦምብ፣ የጋዝ ሲሊንደሩ እና በክብ ላይ የሚነደው ነበልባል በማኅበር መጋዘን ውስጥ እምብዛም አይገጥሙም። የራስ ቅልና አጥንቱን ብዙ ሰው ከመብራት ምሰሶ ላይ ያውቀዋል፤ እዚህም ትርጉሙ ሞት ነው፤ በአፍ፣ በቆዳ ወይም በትንፋሽ ቢገባ ቶሎ የሚገድል ማለት ነው። የቃለ አጋኖ ምልክቱ ከዚያ የቀለለ ጉዳት ያሳያል፤ ቆዳን ይቆጣል፤ ዐይን ያስለቅሳል፤ ቢዋጥም ይጎዳል። በእጅና በብረት ላይ ፈሳሽ የሚንጠባጠብበት ሥዕል የሚበላ፣ የሚያቃጥል ነው፤ ዐይን ያጠፋል። የሞተ ዓሣና የደረቀ ዛፍ ያለበት ወንዙንና ኩሬውን የሚመለከት ነው፤ መርጫውን ከወራጅ ውሃ ዳር የሚያጥብ ሰው ይህን ሥዕል ሊያየው ይገባል።

ከሁሉ ይልቅ የማይታወቀው፣ ለእኔ ደግሞ ከሁሉ የሚያሳስበኝ፣ ደረቱ ላይ እንደ ኮከብ የተሰነጠቀ የሰው ምስል ነው። ይህ የሚናገረው ስለ ዛሬ ሳይሆን ስለ ከርሞ ነው። ነቀርሳ፣ መካንነት፣ በማኅፀን ባለ ጽንስ ላይ የሚደርስ ጉዳት፣ በተደጋጋሚ በመነካካት የሚመጣ የውስጥ አካል መጎዳት በዚህ ሥዕል ሥር ይገባሉ። ረጭቶ ማታ እራቱን በልቶ ያደረ ሰው «ምንም አላደረገኝም» ቢል ይህ ሥዕል መልስ አለው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚሻ ነገር አለ። ቀለሙና ሥዕሉ የሚናገሩት አንድ ዓይነት ነገር አይደለም። ቀበቶው የሚነግረን በአንድ ጊዜ የሚደርሰውን መመረዝ ነው። ማንኮዜብን ብንወስድ፣ ለድንችና ለቲማቲም በሽታ በሰፊው የሚረጭ ነው፤ በዓለም ጤና ድርጅት ምደባ በአጣዳፊ መርዛማነቱ ከዝቅተኛው ምድብ ውስጥ ነው፤ ቀበቶውም አረንጓዴ ይሆናል። ሆኖም የአውሮፓ ኅብረት በ2020 (እ.ኤ.አ.) መገባደጃ ላይ ፈቃዱን ላለማደስ ሲወስን ከጠቀሳቸው ምክንያቶች አንዱ በወሊድ ጤና ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ነበር። ስለዚህ አረንጓዴ ቀበቶ አይቶ ነፍሰ ጡር ሴት እንድትበጠብጥ ማድረግ ስሕተት ነው። በተቃራኒውም ቢጫ ቀበቶ «መካከለኛ» ነው ተብሎ መናቅ የለበትም። ክሎርፓይሪፎስ በቢጫው ምድብ ውስጥ ያለ ነው፤ ንጥረ ነገሩ ግን በአዲሱ ሥርዓት መለኪያ የራስ ቅል ያሠጠዋል። በ2025 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ የስቶክሆልም ስምምነት አባል አገሮች እንዲወገዱ ከሚዘረዘሩት ኬሚካሎች ጋር እንዲመደብ ወስነዋል፤ ለተወሰኑ አገልግሎቶች ብቻ ለጊዜው ፈቅደዋል።

ከሥዕሉ አጠገብ አንድ ቃል በጉልህ ይጻፋል። ቃሉ ከሁለቱ አንዱ ነው፤ ለከባዱ «አደጋ»፣ ለቀለለው «ማስጠንቀቂያ»። ፊደል የቆጠረ የቤተሰብ አባል ባለበት ቤት ይህችን አንዲት ቃል ማንበብ ችግር አይሆንም። ችግሩ ያለው ቃሉ በባዕድ ቋንቋ ብቻ የተጻፈ እንደሆነ ነው። የማኅበር መሪ ዕቃ ሲረከብ የማዳበሪያውን ኩንታል እንደሚቆጥር ሁሉ፣ የአማርኛ ወይም ሌላ የአካባቢው ቋንቋ ጽሑፍ የሌለበትን፣ ወረቀቱ የተላጠውን፣ የአገልግሎት ዘመኑ ያለፈበትን ጠርሙስ አልቀበልም ማለት መቻል አለበት። ጊዜ ያለፈበት መርዝ መጋዘን ውስጥ ሲከማች ምን እንደሚያስከትል አገራችን በሚገባ አይታዋለች። ለዓመታት በየቦታው ተከማችቶ የቆየ ከአንድ ሺህ ቶን በላይ ፀረ ተባይ እ.ኤ.አ. ከ2000 በኋላ ባሉት ዓመታት ተሰብስቦ፣ በርሜሉ እየተቀየረ፣ በመርከብ ወደ ፊንላንድ ተልኮ ነው የተቃጠለው። ለመግዛት የወጣው ገንዘብ አልበቃ ብሎ ለማቃጠል ሌላ ገንዘብ ወጥቷል።

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ግን የሚጠቅመው መርዙ በራሱ ዕቃ ውስጥ እስካለ ድረስ ነው። ወደዚያች የሃይላንድ ጠርሙስ የምንመለሰውም በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ሊትር የሚገዛው ገበሬ መሬቱ ሩብ ሄክታር ከሆነ ሊትሩን አይፈልገውም። በመሆኑም በቡና ስኒ፣ በቆርኪ እየተለካ ለሦስትና ለአራት ሰው ይከፋፈላል። ዋናው ጠርሙስ ከአንዱ ቤት ይቀራል፤ ሥዕሉም፣ ቀለሙም፣ የመጠኑም ዝርዝር ከእርሱ ጋር ይቀራል። ሦስቱ ሰዎች የያዙት ስም የሌለው ፈሳሽ ነው። ገበሬውን በዚህ መውቀስ ይከብደኛል፤ ኪሱ የሚችለው ያንኑ ነው። ኃላፊነቱ ይበልጥ የሚወድቀው በብዛት በሚገዛው ማኅበር ላይ ነው። ማኅበሩ ሲያዝ ትንንሽ እሽግ መጠየቅ ይችላል፤ ሩብ ሊትርና መቶ ሚሊ ሊትር እየታሸገ የሚመጣ ዓይነት አለ። ያ ካልተገኘ አራቱ ሰዎች በአንድ ቀን፣ ከአንድ ጠርሙስ፣ በየማሳቸው ተራ በተራ ቢያስረጩ መከፋፈሉ ይቀራል። የሠለጠነ አንድ ሁለት ረጪ ያላቸው ማኅበራት ይህን ለማድረግ ይቀላቸዋል።

ባዶ ዕቃውም ሌላ ጣጣ ነው። ክዳኑ የሚገጥም፣ የማያፈስ ጀሪካን በገጠር ቤት የሚጣል ዕቃ አይደለም። ውሃም፣ ዘይትም፣ አረቄም ይያዝበታል። ፕላስቲኩ ግን መርዙን ስለሚጠጣ ደጋግሞ በአመድና በሳሙና ቢታጠብም አይጸዳም። ትክክለኛው አሠራር እንዲህ ነው። የመጨረሻው ጠብታ ወደ መርጫው ከገባ በኋላ የዕቃውን ሩብ ያህል ውሃ ጨምሮ፣ ክዳኑን ዘግቶ፣ በደንብ ንጦ እጣቢውን ወደ መርጫው መገልበጥ፤ ይህንንም ሦስት ጊዜ መደጋገም ነው። እጣቢው እንደ ሌላው በማሳው ላይ ይረጫል፤ መርዝም አይባክንም። ከዚያ ዕቃውን በምስማር መብሳት ነው። የተበሳ ጀሪካን አረቄ አይይዝም።

ለብቻው ማንሣት የሚገባኝ የነቀዝ እንክብል የሚባለው ነው። አሉሚኒየም ፎስፋይድ ይባላል፤ በየገበያው በወረቀት ተጠቅልሎ በቁጥር ሲሸጥ ይታያል። በቆርቆሮው ላይ ሦስት ሥዕሎች ነበሩት፤ ነበልባሉ፣ የራስ ቅሉና የሞተው ዓሣ። በወረቀት ሲጠቀለል ሦስቱም ጠፉ። እንክብሉ እርጥበት ሲያገኝ፣ በአየር ውስጥ ያለው እርጥበት እንኳ ቢሆን፣ ፎስፊን የተባለ ገዳይ ጋዝ ያወጣል። ነቀዙን የሚገድለው ይኸው ጋዝ ነው። ጋዙ ግን ነቀዝና ሕፃን አይለይም። ጎተራው ሰው ከሚተኛበት ቤት ጋር አንድ ጣራ የሚጋራ ከሆነ ጨርሶ መጠቀም አይገባም። በዚህ ለተመረዘ ሰው ደግሞ ሐኪም የሚሰጠው ማርከሻ የለም። ማኅበሩ በክልሉ ውስጥ በቁጥር የሚሸጡትን ነጋዴዎች ሊያስቆም ቢችል ከብዙ ስብሰባ የበለጠ ሥራ ሠራ ማለት ነው።

መመረዝ ቢደርስስ? ምራቁ የሚዝረበረብ፣ የሚያልበው፣ የዐይኑ ብሌን የጠበበ፣ ጡንቻው የሚንቀጠቀጥ ረጪ ሲገጥም ልብሱን አውልቆ፣ ገላውን በሳሙናና በብዙ ውሃ አጥቦ ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ነው። ወተት ማጠጣትና በግድ ማስመለስ በብዙ ቦታ የተለመደ ቢሆንም አይበጅም፤ አንዳንዱ ፈሳሽ ሲመለስ ወደ ሳንባ ገብቶ የባሰ ይጎዳል። ከሰውየው ጋር የግድ መሄድ ያለበት ዕቃው ነው። ጤና ባለሙያው አትሮፒን ይስጥ ወይም አይስጥ የሚወስነው መርዙ የየትኛው ወገን መሆኑን ሲያውቅ ነው፤ በዕቃው ላይ ያለው የንጥረ ነገሩ ስም ይህን ይነግረዋል። «መድኃኒት ጠጥቶ ነው» ብሎ የሚመጣ አስታማሚ ግን ምንም አልተናገረም።

በዚያ መጋዘን ከሰዓት በኋላ እስኪሆን ቆየሁ። ጠርሙሱን ያስቀመጠው ሰው ከገበያ ተመለሰና ክዳኑን ከፍቶ ሊያሸት ሲል ሽማግሌው እጁን ያዙት። «ቱ ፎር ዲ ይመስለኛል፤ ወይም የአምናው የትሉ ነው» አለ። ሁለቱም መልክ ይቀራረባሉ። አንዱ በጤፉ ላይ ቢረጭ አረሙን ይገድላል፤ ትሉን ግን አይነካውም፤ በሽንብራ ማሳ ላይ በስሕተት ቢረጭ ደግሞ ሽንብራውን ያቃጥላል። ማንም እርግጠኛ ሊሆን አልቻለም። ሽማግሌው ከደብተራቸው አንድ ቅጠል ቀደው «ያልታወቀ መርዝ፤ አይነካ» ብለው በትልልቅ ፊደል ጻፉበት፤ ከሥሩም የራስ ቅልና ሁለት አጥንት ለመሣል ሞከሩ። ሥዕሉ ከሰው ራስ ይልቅ ቅል ይመስል ነበር። ጠርሙሱን በወረቀቱ ጠቅልለው ባዶ የብረት ሣጥን ውስጥ ከተው ቆለፉበት፤ የወረዳው የሰብል ጥበቃ ባለሙያ መጥቶ እስኪወስደው ድረስ ቁልፉን ከሌሎቹ ጋር ባንገታቸው አንጠለጠሉት።